ነፊውን ከመውቀስ በፊት ኖታው ይታይ

ሀዋሳ ላይ ከመዝሙር ምሽትም ሆነ ከባህል መድረክ በኋላ ተደጋግሞ የሚሰማ ወቀሳ አለ፤ «ነፊዎቹ (እነ ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን የሚጫወቱት) ዜማውን አበላሹት» ይባላል። አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ኖታው የተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው። ቅንብሩ ኪቦርድ ላይ ይሠራል፣ በኮምፒውተር ይደመጣል፣ ከዚያ ያው መስመር ተባዝቶ ለሁሉም ይታደላል። ኪቦርድ ትንፋሽ አያጥረውም፣ ከንፈሩ አይዝልም።

ከኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ ከሚነሳበት ድምፅ እንጀምር። ጊታሪስቱን ስለሚመቸው ዘፈኑ ሚ ላይ ይያዛል እንበል። ቢ ፍላት ትራምፔት ከተጻፈለት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ ኖታው ፋ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ) ላይ ይወጣለታል፤ የኢ ፍላት አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ዶ ሻርፕ ላይ። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ከሆነ የሁለቱም አምስት አምስት ድምፆች በሙሉ ሻርፕ ናቸው፤ ይህ ለንባብም ለጣትም ይከብዳል። ያንኑ ዘፈን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ፋ ላይ አውጡት፦ ትራምፔቱ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይነፋል፣ አንድም ሻርፕ የለበትም፤ አልቶው ፋ ሻርፕን ብቻ ይዞ ከሬ ይነሳል። ለዘፋኝ ግማሽ ድምፅ ብዙም አይከብድም፤ ለነፊዎቹ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ትሮምቦን እንደሚሰማው ስለሚጻፍ የትራምፔቱን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ለእሱ መስጠት አይሆንም።

ዋሽንት ካለ ደግሞ መነሻው እሱ ይሁን። ቀዳዳዎቹ አንድ ጊዜ ተበስተዋል፤ እንደ ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ አይልም። ነፊው የትኞቹን ዋሽንቶች እንደያዘ ጠይቃችሁ ኪዩን ከዚያ በኋላ ወስኑ።

ኮምፒውተር በጣም የሚያታልለው በድምፅ ሚዛን ላይ ነው። ፍሉት በታችኛው ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ዝቅተኛ ክልል) ለስላሳና ትንፋሻም ድምፅ አለው። ስክሪን ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ መድረክ ላይ ግን ሁለት ትራምፔት ከጎኑ ሲነፋ ይጠፋል። ወይ ዜማውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጉለት፣ ወይ ትራምፔቶቹን ዝም አሰኝታችሁ ክራርና በጣት የሚመታ ቫዮሊን ከስሩ አስገቡ። የሀዋሳውን ጉዱማሌ በመሰለ ገላጣ ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ቫዮሊኖች ያለ ማይክ ከነፊዎች ጋር አይወዳደሩም። (ሙቀቱም አይረሳ፦ የትንፋሽ መሣሪያ ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ክር ሲሞቅ ይላላል። ሳይሟሟቁ መቃኘት ዋጋ የለውም።)

ትራምፔት ላይ ትልቁ በደል እረፍት መንፈግ ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ከዘፋኙ ጋር ዜማውን እንዲያጅብ ይጻፍለታል፤ ከፍተኛው ድምፅ ደግሞ መዝጊያው ላይ ይቀመጣል፣ ከንፈሩ ካለቀ በኋላ። እዚያ ላይ ድምፁ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የማን ነው? በመግቢያው ይንፋ፣ በስንኙ ይረፍ፣ በአዝማቹ መልስ ይስጥ።

ለነፊዎች መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ሲነፉ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብሮን የኖረ ሙያ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

አዘጋጆችም ድርሻ አላችሁ። ኖታው ለየመሣሪያው ተለይቶ ከሳምንት በፊት ይድረስ፤ ለአንድ የንባብ ልምምድም ክፈሉ። አቀናባሪው እርሳስ ይዞ እዚያው ይቀመጥ፤ ነፊው ትንፋሽ የሰረቀበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርግና ወይ እረፍት ያስገባበት፣ ወይ ሐረጉን ከሁለተኛው ትራምፔት ጋር ያካፍለው።