ውድድሩ ተራዝሟል

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ነው የምንሰማው? «ውድድሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል።» ምክንያት የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ የሚናገር የለም። አንድ መስመር የስልክ መልእክት ብቻ፤ ያውም የክብደት ልኬቱ ደርሶ፣ በምሽት!

ጎንደር ውስጥ ወጣቶችን ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ለአዘጋጆቹ ቀን ማራዘም ወረቀት ላይ ቁጥር መቀየር ነው። ለእኛ ግን የልጅ ሰውነት ነው። ተፋላሚ የሚዘጋጀው ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። መጀመሪያ ሩጫና ጉልበት፣ ቀጥሎ ፍጥነትና ፍልሚያ፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ እግሩ እንዲያርፍ ልምምዱ ይቀንሳል። በዚያ ብቃት ላይ ወር ሙሉ መቆየት የሚችል ሰው የለም። ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ዙር ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በመጨረሻው ዙር እግሩን አንስቶ ጭንቅላት ላይ ሦስት ነጥብ የሚያገኘው ግን ጉልበቱ ለዚያ ቀን የቆየለት ነው።

ይባስ ብሎ የተራዘመው ውድድር ድንገት «በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ተብሎ ይመጣል። ፍልሚያው በክብደት የተከፈለ ነው፤ ልጆቹ ግን በዚህ መካከል በልተዋል፣ አድገዋል። ማደግ ጥፋት ነው እንዴ?

ከ58 ኪሎ በታች የሚወዳደር ሰልጣኝ አለኝ። ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው በዚህ ክብደት ስለሆነ ልጁ ስሙን ከአፉ አይለይም። እንዲህ ያለ የሳምንት ጥሪ በመጣ ጊዜ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደውን ዳገት ሲሮጥ አገኘሁት። ከሹራቡ ሥር ላስቲክ ተጠቅልሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጥቂት ግራም ይቀንስልኛል ብሎ ምራቁን እየተፋ ይሮጣል። ላስቲኩን እዚያው አስወለቅሁት። ውኃ ጠጣ ስለው ጠርሙሱን በእጁ ይዞ ቆመ እንጂ አልጠጣም። እናቱም ደውላ «መምህር፣ ልጄ እራት እንቢ አለኝ፤ ምን ብላችሁት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የዩኒቨርሲቲ የትግል ስፖርተኞች፣ ላብ የሚያስወጣ ላስቲክ ለብሰው ውኃ ሳይጠጡ ክብደት ሲቀንሱ፣ ከወር ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ነው እዚያ ላስቲኩ የተከለከለው። እኛም እስኪሞትብን እንጠብቅ?

ቀኑ ወደ ዐቢይ ጾም ሲገፋብን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ልጆች 55ቱንም ቀን ይጾማሉ፤ ምግባቸው ሽሮና ምስር ነው። ቀድመን ካወቅን የልምምዱን ሰዓት ወደ ማፍጠሪያው አስጠግተን እንዘጋጃለን። ሳናውቅ ምን እናድርግ?

መንገድ ሲዘጋ፣ የጸጥታው ነገር ሲከፋ እንረዳለን፤ እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው። የምንቃወመው አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገ ተብሎ የሚሰረዘውን ነው። ማራዘም ግድ ከሆነ ምክንያቱን ንገሩን፤ አዲሱን ቀን ቢያንስ ከወር በፊት አሳውቁን። ምዝገባውንም እንደገና ክፈቱ። ልጁ አድጎ «ከ68 ኪሎ በታች ልግባ» ሲል፣ «ስምህ ቀድሞ በ58 ተመዝግቧል» ብላችሁ አትመልሱት።