ከወገብ በታች ማን ያያል?

ክርክሩ የተያዘው "ከቤቱ የሚሠራ ሰውም ቢሮ እንደሚገባ ሰው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ በሰዓቱ ሥራው ላይ ሊቀመጥ ይገባል" በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ደጋፊዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መዝገብ ቤት 22 ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። ተቃዋሚው ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ፣ አሜሪካ ላለ ድርጅት ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት ነው። ስማችን ይቅር ስላሉ በከተማቸው ጠራናቸው። የጻፉትን አልነካንም።

የማርቆሷ፦

ነገሬ አጭር ነው። ሰው ለሥራ ሲነሣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ቤቱም ሆነ ቢሮው ያው ነው። የማርቆስን የክረምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጋቢ ውስጥ መውጣቱ ራሱ ጀግንነት ነው። እኔ ግን 22 ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ጫማዬ ተጠርጎ፣ ጸጉሬ ተይዞ ወንበሬ ላይ ነኝ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ በፈረቃ ቤት የዋልን ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በሌሊት ልብሴ ነበር የምውለው፣ አልዋሽም። ደብዳቤ ልጽፍ እቀመጥና አራት ሰዓት ሳይሞላ ሽንኩርት ስልጥ እገኛለሁ። ጓዳውና ሥራው ተደባለቀብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቀሚሴን ለበስሁ፣ ጫማዬንም አጠለቅሁ፣ እዚያው ሳሎኔ ውስጥ። ጎረቤቴ ቡና ልትጠራኝ ብቅ ብላ አየችኝና "ልትወጪ ነው እንዴ?" ብላ ተመለሰች። ያን ቀን ሥራዬን ስድስት ሰዓት ላይ ጨረስሁ።

የዛሬ ልጆች ግን ጋቢ ተከናንበው፣ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ "ሥራ ላይ ነኝ" ይሉናል። ሳይታጠቡ የሠሩት ሥራ እሱም ያልታጠበ ነው።

የባሕር ዳሩ፦

እትዬ፣ መጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፊቴን እታጠባለሁ፣ ስለ እሱ አይጨነቁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቢጃማ ሻይ ስጠጣ ያየኝ ሁሉ ሰነፍ ይለኛል። እኔ ግን ሥራ የምገባው እርስዎ ሊወጡ ሲሉ ነው። ኒው ዮርክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ እነሱ በብርድ ወራት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ አሥራ አንድ ይሆናል። የምጨርሰው ሌሊት ስድስት ወይ ሰባት ሰዓት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣማ ዘጠኝም ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ብሎ የቆጠረው ሰዓት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ አልቆጠረም። ካሜራው የሚያየው ከደረቴ በላይ ነው፣ እዚያ ላይ ሸሚዝ አለ። ከወገብ በታች ሥራ የለም።

ልብስ ሥራ ይሠራል ከተባለ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና ለአንዲት ማህተም አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሰውየው የሉም። ኮታቸው ግን ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። "ኮታቸው እዚህ ነው፣ ሩቅ አልሄዱም" ይሉኛል። ሦስት ቀን ከኮት ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ጥሩ ኮት ነበር፣ የተተኮሰ፣ በሰዓቱ የገባ። እስቲ እትዬ፣ ያ ኮት ሥራ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም?

የማርቆሷ፦

ከወገብ በታች ሥራ የለም! ኧረ በሞትሁት። ልጄ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኸው በምንህ ነው? ይህቺን ነገር ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አነበብኋት። ላይኛው ለብሶ ታችኛው ሲተኛ፣ ደመወዙ የሚከፈለው ለየትኛው ነው?

መጋቢት 2009 የሆነውን ካላየህ ልንገርህ። ደቡብ ኮሪያ ቡሳን የሚያስተምር አንድ ፕሮፌሰር ከቤቱ ሆኖ በቢቢሲ በቀጥታ ሲናገር፣ ኮት ለብሷል፣ ክራባት አስሯል። ትንሽ ልጁ እየጨፈረች ገባች፣ ጨቅላው ተከተላት፣ እናትየዋ በሩጫ መጥታ ጎትታ አወጣቻቸው። ሰውየው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። አገር ምድሩ ታዲያ ምን ብሎ ጠየቀ? ስለ ኮሪያ ፖለቲካ መሰለህ? ሱሪ ለብሷል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው! ለብሼ ነበር ብሎ እስኪናገር ድረስ። ልብ አድርግ፣ ሱሪ የለበሰው እንኳ ተጠረጠረ። ያንተን እንጃልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ለሰዎች ነጭ ጋዋን አልብሰው ፈተኗቸው። "የሐኪም ጋዋን ነው" ተብለው የለበሱት ትኩረታቸው በልጦ ተገኘ። ልብስ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ያነበበችልኝ ልጄ ናት። እሷም እንዳንተ ላፕቶፕ አላት፣ ግን ትለብሳለች።

የባሕር ዳሩ፦

"ልጄ" አይበሉኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ።

ልጅዎ ያነበበችልዎ ግማሹን ነው። ያንኑ ጋዋን "የሠዓሊ ነው" ተብለው የለበሱት ምንም አልጨመሩም። ያው ጋዋን፣ ያው ቁልፍ፣ ያው ኪስ! እና ትኩረቱን ያመጣው ስሙ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች የጥናቱን የመጀመሪያ ሙከራ ደግመው ሲያዩት ደግሞ ያ ውጤት አልመጣም። ስሙ ከሆነ እኔም ጋቢዬን ከዛሬ ጀምሮ "የኢንጂነር ጋቢ" ብዬዋለሁ። አለቀ።

የአየሩንም ነገር አይርሱ። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮት ቢደርቡ ደስ ይላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እስቲ ሚያዝያ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ክራባት አስረው ይቀመጡና እንነጋገር።

ደግሞ እኮ ጎጃም ተቀምጠን ነው ይሄን የምንከራከረው! የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ሱፍ ተለብሶ ነው የተዘረፈው? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ነው የተማረው። ቅኔው ያልታጠበ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይናገር። ቁምጣም ካሉኝ ቁምጣ የጎጃም አባቶች ልብስ ነው፣ አላፍርበትም።

ኮቱን ግን አልመለሱልኝም። ለነገሩ ማህተም ለመምታት ያን ያህል መልበስ ምን ያደርጋል?

የማርቆሷ፦

ማህተም ለመምታት።

እሺ። አንድ ቀን ከሉማሜ አንድ ሽማግሌ መጡ። የሚፈልጉት የድሮ ደብዳቤ ነው፣ ያለ እሱ ጡረታቸው አይንቀሳቀስም። ሌላ ቦታ "የለም" ብለው መልሰዋቸዋል። እኔ ሁለት ቀን አቧራ ውስጥ ገብቼ ፈልጌ ከሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተሰፍቶ አገኘሁት። ማህተም ከመምታቴ በፊት የሆነው ይህ ነው። ግን ልነግርህ የፈለግሁት ሌላ ነው። እኒያ ሰው ሁለቱንም ቀን በአውቶቡስ ተጨናንቀው ሲመጡ ጋቢያቸው ነጭ ነበር። ለቢሮ ብለው ነው ያሳጠቡት፣ ለእኛ ብለው ነው። እሳቸው ታጥበው መጥተው እኔ ምን መስዬ ልቁም? ይህን ካሜራ አያየውም፣ አውቃለሁ።

ደበሎን ያነሣኸው ሳታስብ ነው። ደበሎ እኮ የደንብ ልብስ ነው! ተማሪ መሆኑን ሰው የሚያውቀው በእሱ ነው፣ ውሻው ሳይቀር ያውቀዋል። ቅኔ ሊማር የሄደ ልጅ እናቱ የሰጠችውን ልብስ አስቀምጦ ደበሎ ለበሰ ማለት ለሥራው ለበሰ ማለት ነው። ተምሮ ማሕሌት ሲቆም ደግሞ ነጭ ለብሶ፣ ጠምጥሞ፣ መቋሚያውን ይዞ ነው። እኔ የምለውን ነው የተናገርህልኝ፣ እግዜር ይስጥህ።

ቁምጣውንም እንየው። አባቴ ቁምጣ ይለብስ ነበር። ገበያ ሲወጣ ግን ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው፣ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ያንተ ግን የኳስ ቁምጣ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እምላለሁ። ያን ታጥቀህ "ከወገብ በታች ሥራ የለም" ትላለህ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

የባሕር ዳሩ፦

እሺ፣ የአርሴናል ነው።

ስለ ማህተሙ ይቅርታ። ያልኩት እርስዎን አልነበረም፣ ኮቱን ነበር። (አሁንም አልመለሱልኝም።)

ግን እትዬ፣ የእርስዎ ባለጉዳይ ፊትዎን ያያል። የእኔ ባለጉዳይ የሚያየው የጻፍኩትን ኮድ ነው፤ ከሠራ ሠራ፣ ካልሠራ ሸሚዝ አያድነኝም። ነገሩ ልብስ አይደለም። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ሰው ይሄንን ሥራ አይለውም። እናቴ ለዘመድ ስታስረዳ "ልጄ ቤት ነው የሚሠራው" አለች፣ አክስቴ ደግሞ "ውይ፣ ቤት ሠራተኛ ሆነ?" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ይሄው ሁለት ዓመቴ፣ ቤተ ዘመድ መሃል የምታወቀው በዚህ ነው።

አከራዬ ደግሞ ሌላ ናቸው። "አንተ እዚሁ ነህ አይደል?" ይሉኛል። አዎ ካልኩ አለቀልኝ። ውኃ ሲመጣ በርሜል ሙላ፣ ሰው ሲያንኳኳ ክፈት፣ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷልና ዶሮ ከልክል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እያለሁ፣ አለቃዬ እየተናገረ፣ በመስኮት "በርበሬው!" ብለው ጮኹ። ዳመና መጥቷል። ብድግ ብዬ ሮጥኩ። በአርሴናል ቁምጣ። ካሜራው ክፍት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ያለብኝ ቀን ሸሚዝና ጫማ አድርጌ አንዴ ግቢው ውስጥ እዞራለሁ። እንዲያዩኝ። ያን ቀን በርበሬ የሚለኝ የለም። ግን ይሄ ለአከራዬ ነው እንጂ ለሥራው አይደለም፣ እንዳያምታቱት።

የማርቆሷ፦

ምኑን ላምታታ? አንተው ጨረስኸው እኮ! ጎረቤቴ "ልትወጪ ነው እንዴ?" ብላ የተመለሰችው በምን መሰለህ? ስትለብስ የማይጠሩህ፣ ሳትለብስ በርበሬ የሚያስጠብቁህ ከሆነ ሥራህን የጠበቀልህ ሸሚዙ ነው። ቤት ሠራተኛ ያለችህ አክስትህም ብትሆን ያየችህ ጋቢ ተከናንበህ ነው። ከነጋ ጋቢ ውስጥ ያለን ሰው እኛ አገር ታሟል ወይም ሥራ ፈቷል ነው የሚሉት፣ ምን ትሁን?

ክራባቱን ትቼልሃለሁ። የባሕር ዳርን ሙቀት አውቀዋለሁ፣ ለሥልጠና መጥቼ ስቀልጥ ነበር የዋልሁ። ጋቢም ቢሆን ልበስ። ግን የምትተኛበትና የምትሠራበት አንድ ጋቢ አይሁን። ለይ። አንዱን የሥራ በለው፣ ሌሊት አትንካው። ስሙ ነው የሚሠራው ብለህ የለ?

ደግሞ አንድ ነገር። ሸሚዝህ ደረትህ ላይ ካለ ያን ካሜራ ዘግታችሁ የምትሰበሰቡት ለምንድን ነው? ልጄም እንዲያ ታደርጋለች።

የባሕር ዳሩ፦

ካሜራ የምንዘጋው ስለሚያደክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የጻፈው ነገር አለ፤ ሰው ሲሰበሰብ ቀኑን ሙሉ የራሱን ፊት እያየ መዋሉ ያደክመዋል ይላል። እርስዎ መዝገብ ቤት መስታወት ፊትዎ አቁመው ነው ባለጉዳይ የሚያስተናግዱት?

ጋቢውን ለሁለት አልከፍልም። እናቴ የሰጠችኝ አንድ ጋቢ ነው ያለኝ። ሌላው ከመጣ እናስብበታለን።

የጀመርነው ስለ መታጠብ ነበር፣ አሁን ጋቢ ስንቆጥር ነው ያለነው፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ሙግት ማሸነፍ እንደማይቻል ገብቶኛል፣ ኮቱን ሳይመልሱ ከዚህ ደረሱ። በሉ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ዛሬ ካሜራ ክፈቱ ተብለናል፣ ሸሚዜን ልፈልግ።

የማርቆሷ፦

ሱሪውስ?