እቴጌ እሌኒ የልብነ ድንግል እናት አይደሉም
«እቴጌ እሌኒ ለልጃቸው ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር አስተዳደሩ» የሚል ነገር ሰሞኑን በየአስተያየቱ እያየሁ ነው። ማስተዳደራቸውስ ልክ ነው፤ ልብነ ድንግል ግን ልጃቸው አይደሉም። የንጉሡ እናት የአፄ ናዖድ ሚስት፣ ናዖድ ሞገሳ ናቸው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ሲሆኑ የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም። ማጣራት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣውን የፖርቱጋላዊውን ቄስ የአልቫሬዝን የጉዞ ማስታወሻ ያገላብጥ። ሁለቱን ሴቶች ለየብቻ ነው የሚጠቅሳቸው።

ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። እናት ካደረግናቸው ሥልጣናቸው በልጅ የመጣ ይመስላል። እሳቸው ግን በአፄ በእደ ማርያም ዘመን «ቀኝ በዓልቲሐት» (የቀኝ ንግሥት) ተብለው፣ ንጉሥ ሲቀያየርም ተሰሚነታቸው ሳይቀንስ የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1509 መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ንጉሡ ገና ልጅ ነበሩ።