ጮክ ብሎ መቆጠብ

የማንቂያ ሰዓት መሙላት ከተውኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ጎረቤቴ ነዳጅ መቆጠብ ጀምረዋል።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጠባው ይነሳል። መስኮቴ ይርገበገባል። የግቢው ውሻ ያላዝናል። ፎቅ ላይ ያለው ሕፃን ይከተላል። መኪናዋ ለ20 ደቂቃ ያህል እዚያው ቆማ ትንደቀደቃለች። «ሞተር ሳይሞቅ ከተነሳ ነዳጅ ይበላል» ይላሉ ጋሼ። ቆማ የምትጠጣው ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ገና መንገድ አልጀመረችማ።

መኪናዋ የእ.ኤ.አ. 1998 ሞዴል ፕራዶ ናት። ባለ 3.4 ሊትር ቪ6፣ ቤንዚን። በ2014 ክረምት ድጎማው መነሳት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ያኔ ጋሼ ለአንድ ሳምንት ተሳደቡ። በ2017 ዋጋው 100 ብርን ሲሻገር ግን ዝም አሉ። መሸጥ እንዳይሉ የልጅ ያህል ይወዷታል። በሌላ የቤንዚን መኪና እንዳይለውጡ ደግሞ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አንድ ቅዳሜ ገራዥ ሄዱ። ሲመለሱ ዝምታው አብቅቶ ነበር።

መካኒኩን ማመስገን ይገባል። መጀመሪያ ፋብሪካው የሠራውን የአየር ፊልትሮ ከነሳጥኑ አወለቀና ቀይ ኮን ፊልትሮ ተከለ። አሮጌው በፓራፋንጎው በኩል ቀዝቃዛ አየር ይስብ ነበር። አዲሱ ራዲያተሩ አጠገብ ተቀምጦ ትኩስ ትኩሱን ይምጋል። ቀጥሎ «ሞተሩን ያነቀው ይሄ ነው» ብሎ የጭሱን መርዝ የሚያጣራውን ካታላይዘር በግራይንደር ቆረጠው። ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት እንዳሉ መናገሩን ረስቶት ይሆናል። «ቆሻሻውን እኔ እጥልልዎታለሁ» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ቆሻሻ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚጥል ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

በመጨረሻ ማርሚታው ተቀየረ። የአዲሱ አፍ ክንድ ያስገባል። ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። መካኒኩ በጥቁር ፕላስተር ሸፈናት። መብራትም ተቆጠበ። ለሁሉም 45 ሺህ ብር ተከፈለ።

«አሁን ትተነፍሳለች» አሉኝ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። እውነት ነው፣ እኛ ነን መተንፈስ ያቃተን።

ምቀኛ አይጠፋም። አንዱ ዘመዴ መሐንዲስ ነው። እሱ እንደሚለው በኮምፒውተር የሚመራ የቤንዚን ሞተር ምግቡን በልክ ነው የሚበላው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር። አየሩ እንጀራ፣ ቤንዚኑ ወጥ ነው። እንጀራ ሲጨመር ወጥ ይጨመራል። እስከ ጥግ ለሚረግጥ ሰው ትንሽ ጉልበት ይገኝ ይሆናል። ቁጠባ ግን ከዚህ ማዕድ ላይ የለም። ደግሞ አየሩን የሚያንቀው ፋርፋላው፣ ማለትም የሞተሩ የአየር በር ነው፤ እሱን የሚዘጋና የሚከፍተው የጋሼ እግር። ከመገናኛ ቦሌ በሰልፍ ስንጎተት ፋርፋላው በጠባቡ ነው የሚከፈተው። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ አጥር ማፍረስ ምን ይረዳል? ይላል።

በዚህ አላበቃም። አዲሱ የማርሚታ ብየዳ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ከሚለካው ሴንሰር በፊት የሚያፈስ ከሆነ ሴንሰሩ የውጭውን አየር ያይና «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ኮምፒውተሩ የዋህ ነው፣ ይጨምራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው አለኝ። ከፍታውንም አነሳብኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቀይ ፊልትሮ ስለተገጠመ እንጦጦ ወደ ጅቡቲ አይወርድም።

ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። አሜሪካ ቴኔሲ ውስጥ ያለውን ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪም ጠቀስኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ኮምፒውተር ያላቸው የቤንዚን መኪኖች ፊልትሯቸው ቢደፈን እንኳ መፈትለክ ያቅታቸዋል እንጂ የነዳጅ ፍጆታቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። የተደፈነው ለውጥ ካላመጣ፣ ደህናውን አውልቆ ቀይ መግጠም ምን ሊያመጣ ነው? ያለ ኮምፒውተር፣ በካርቡራተር አየርና ቤንዚን የምትቀላቅል የድሮ መኪና ብትሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ጋሼ አሰቡና «እነሱ የኛን መካኒክ አያውቁትም» አሉ። ይህን ማስተባበል አልቻልኩም።

ማስረጃም አላቸው። ማርሚታው በተቀየረ ማግስት በፍጥነት መንገዱ አዳማ ወረዱ። ወረዱ የምለው በእውነቱ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። «በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄደችልኝ! ድሮ 7 ነበረች» አሉ። ድሮ የተለካችው ፒያሳና መርካቶ መካከል ነው። የመመለሻውንስ ስላቸው «ሲመለስ ነፋስ ነበር፣ አይቆጠርም» አሉኝ። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ የሚያበላሽ ነገር ሲኖር ቁልቁለቱ ብቻ ይወሰዳል።

እኔም እንደ ጎረቤት ልርዳ ብዬ አንድ ቀን ደፈርኩ።

«ጋሼ፣ የኋላ ጎማዎቹ አየር ያነሳቸው መሰለኝ።»

«አየሩን እኮ ለሞተሩ ነው የሰጠሁት!»

ጎሚስታው ከበራችን 50 ሜትር አይርቅም። የሚጠይቀው የሻይ ዋጋ ነው። ግን አየር የተሞላ ጎማ ማን ያይለታል? ማን ይሰማዋል? ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶመጋላስ? ሁለት ባዶ ጀሪካን፣ አንድ አካፋና አንድ ትርፍ ጎማ ተሸክሞ አራት ዓመት ነፋስ ሲገፋ ኖሯል። አካፋው ቢሾፍቱን አልፎ አያውቅም። እሱ ቢወርድ ዋጋው ዜሮ ብር ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ የሚያድነው ነዳጅ ደግሞ የሚታይ ነው። ዜሮ ብር ያወጣ ሰው ግን ለጓደኞቹ ምን ይተርካል? «ትናንት ጎማ አስነፋሁ» ተብሎ ቢራ አይቀዳም። 45 ሺህ ያወጣው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ቀዩን ፊልትሮ ያሳያል። ሰው ይከብባል። አንዱ «በናትህ አስነሳልን» ይላል። ትነሳለች። ለቁጠባ ያለን ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሰፈር ካልሰማው ቁጠባ አንለውም።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ መገናኛ ድረስ ሸኙኝ። ስንወያይ አልነበረም፤ ስንጯጯህ ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጸጥ አለ። ጌጁ ላይ ቀስቷ መሬት ነክታለች። «ትቆጥባለች ብዬ እኮ ነው ያልቀዳሁት» አሉ ጋሼ።

ወርደን ገፋናት። እኔ ከኋላ፣ ሁለት ወያላዎች ከጎንና ከጎን፣ ጋሼ በመስኮት መሪ ይዘው። ያ ሁሉ ማርሚታ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወደ 2 ቶን ትመዝናለች። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል ጋሼ ዞር አሉ።

«ቀለለች አይደል? ካታላይዘሩ ስለወጣላት እኮ ነው።»