መስፈርቱን ካሟሉት ውስጥስ ማን ይመረጣል?

ስለ መከላከያ ሠራዊት ምልመላ ያነበብኩት ጽሑፍ «ለመከላከያ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ መመዝገብ ይችላል» ይላል። ልክ ነው። ግን ቦታው ሃያ ሆኖ ያሟሉት ስልሳ ቢሆኑስ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ድሬዳዋ ተመዝግቦ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው የተሰለፈው። የቀበሌውን ደብዳቤ ላብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ቁመቱ ተለካ፣ ተመዘነ፣ ጥርሱና ውስጥ እግሩ ሳይቀር ታየ። ሁሉንም አለፈ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሙ የለም። ለምን እንደሆነ የነገረው ሰው የለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የሠራዊቱ ስብጥር የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ ይሆናል ይላል። ስለዚህ ኮታ መኖሩን እረዳለሁ፣ እደግፈዋለሁም። በሩጫ ውጤት ወይም በትምህርት ደረጃ መለየትም ያስኬዳል። ብቻ የትኛው እንደሚቀድም ከምዝገባው በፊት ይለጠፍ። ያለፈው ግን ቦታ ያጣው ልጅም ተጠባባቂ ይሁን አይሁን በግልጽ ይነገረው። ወንድሜ እስካሁን ስልኩን ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሚተኛው።