ሁለተኛዋን ምት ማን ያስተምረን?

ስኔር ድራም (ከታች ሽቦ ያለው ከበሮ) ላይ ሮል፣ ማለትም ምቶቹ ተያይዘው እንደ አንድ ረጅም ድምፅ የሚሰሙበትን አመታት፣ ለመልመድ የሚታገል ሰው ካለ ዛሬ አብሮኝ ይበሳጭ። በጣም መሮኛል።

ጀማሪ ስለ ሮል ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ፍጠን!» አስተማሪው ፍጠን ይላል። ቪዲዮው ፍጠን ይላል። አብሮህ የሚለማመደውም ፍጠን ይላል። ቆይ፣ ምኑን ነው የማፈጥነው? ሁለት ቀኝ፣ ሁለት ግራ፣ እንደገና ሁለት ቀኝ፣ ሁለት ግራ። ክፍት ሮል ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉን ማንም በአንዴ ይይዘዋል። ጣጣው ያለው እያንዳንዱ እጅ በሚመታት ሁለተኛ ምት ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ጥርት ብላ ትሰማለች፣ ሁለተኛዋ ትሞታለች። በተለይ በግራ እጅ። እሷ ከሞተች ደግሞ ሮል የሚባል ነገር የለም።

እስቲ እናስላው። ሜትሮኖሙን (ፍጥነት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 120 ላይ አድርጉና በእያንዳንዱ ቆጠራ 8 ምት አስገቡ። በሰከንድ 16 ምት ማለት ነው። ሁሉንም በእጅ አንጓ ልምታ ያለ ሰው ክንዱ ይደነዝዛል። አንጓው ግን መውረድ ያለበት 8 ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው የስቲኩ (የመምቻው እንጨት) ንጥረት ነው። ኳስ የሚያነጥር ልጅ ኳሷን በየጊዜው እያነሳ አይወረውራትም፤ ስትመለስ ተቀብሎ ይገፋታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ስቲኩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይያዛል፣ ሲነጥር የቀሩት ጣቶች ተቀብለው ይመልሱታል። በቃ! ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ገንዘብ ከፍዬ በተማርኩበት ቦታ ግን ይህ አንድም ቀን አልተነሳም። ስቲክ እንደጨበጥን ወደ ሙሉ ድራም ተወሰድን። ችክችካ ምቱ ተባልን። ችክችካ ነፍሴ ናት፣ በእሷ አልከራከርም። ግን ከ40ዎቹ ዓለም አቀፍ ሩዲመንቶች (መሠረታዊ የድራም አመታቶች) 10ሩ በዚችው ድርብ ምት ላይ የቆሙ ሮሎች ናቸው። እንዴት ትዘለላለች? ዝጉን ሮል፣ ማለትም ስቲኩ በአንድ ምት ብዙ ጊዜ የሚርገበገብበትን፣ ስንጠይቅ ደግሞ «ስቲኩን ቆዳው ላይ ተጫነው» ይባላል። መጫን አለ፣ ግን በልክ። ካበዛኸው ስቲኩ መንጠሩን ያቆምና ድምፁ ይታፈናል። የአንዱ እጅ እርግብግብታ ሳያልቅ የሌላው መቀጠል አለበት፤ ይህንንም የሚነግርህ የለም።

ቤት ውስጥ እንዳትለማመድ ተከራይ ነህ። ስኔር በሩ ቢዘጋም ግቢውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ከታች ያለውን ሽቦ ብታላቅቀውም ጩኸቱ ብዙ አይቀንስም። አከራዬ ቢቆጡ አልፈርድባቸውም፤ ልጃቸው ለፈተና ታጠናለች። ያኔ ነው እንግዲህ «ትራስ ላይ ተለማመድ» የሚለው ምክር የሚመጣው። እንዴት ተደርጎ? ትራስ አንጓ ያጠነክራል፣ ስቲክ ግን አያነጥርም። የቸገረኝ ንጥረቱ ነው እያልኩ! የመለማመጃ ፓድ ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ወጣሁ። በመጨረሻ ከጎሚስታ ቤት ያገኘሁትን የጎማ ቁራጭ ጣውላ ላይ ለጠፍኩ። ደህና ይነጥራል፣ ጎረቤትም አይረብሽም። ይህንንም ቢሆን ማንም አልነገረኝም።

የሚያናድደኝ ለማርሽ ባንድ እንግዳ አለመሆናችን ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አምጥተው ባንድ ያቋቋሙት እንደ ፈረንጆቹ በ1924 ነው። ከዚያ የክብር ዘበኛው ባንድ ነበረ፣ የፖሊሱም አለ። ስኔር በሰልፍ ሲመታ እየሰማን አደግን። መቶ ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን ስለ ሮል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ፈልጌ አጣሁ። የሚያውቁት ሰዎች አሉ፣ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። እውቀቱ ግን እጃቸው ላይ ቀረ።

እባካችሁ፣ የምታስተምሩ ሰዎች፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ እጅ ብቻ አስመቱ። በ60፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቱ ምቶች እኩል እስኪሰሙ። ተማሪው ይሰለቻል ብላችሁ አትዝለሉት፤ ምክንያቱን ብትነግሩት ይታገሳል። ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ ፍጥነታችሁን አይተናል። አሁን ካሜራውን አስጠግታችሁ ጣቶቻችሁን አሳዩን።