ጅቡን አታሳዩአቸው

ሐዋሳ ላይ ስለ ንባብና ምናብ የልጆች ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት የሚሯሯጡ ወዳጆች አሉኝ። ጎሽ ብያለሁ። ረቂቃቸውን ሳይ ግን ቅር አለኝ። ግማሹ የንክኪ ስክሪን ነው። ልጁ ይነካል፣ ጅቡ ይስቃል፣ አለቀ። ይሄን እኮ ቤቱ በእናቱ ስልክ ያገኘዋል።

እንደኔ እንደኔ አንዱ ክፍል ጨለም ይበል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ። ተረት የሚያውቁ አንዲት እናት «ተረት ተረት» ይበሉ፣ እነሱም «የላም በረት» ብለው ይቀበሉ። ተረቱ ውስጥ ጅብ ይኑር፤ ሥዕሉ ግን የትም አይኑር። ሲወጡ ወረቀትና ከለር ተሰጥቷቸው ጅቡን ይሳሉት። አንዷ በሦስት እግር ታቆመዋለች፣ ሌላው ኮፍያ ይደፋለታል። ሥዕሎቹ በልጆቹ ቁመት ልክ ጎን ለጎን ይለጠፉ። ከአንድ ተረት ስንት ዓይነት ጅብ እንደወጣ ራሳቸው ያዩታል። ከዚህ በኋላ ስለ ምናብ የሚያብራራ ፖስተር ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ ንባብ ይምጣ። የሌላ ተረት መጀመሪያ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍና ጅቡ በር ሲያንኳኳ ይቁም። ቀሪው የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ፣ መጽሐፉ ላይ ነው። የጓጓ ይገልጣል። መጽሐፉ ታዲያ በርከት ይበል፤ በአንድ ኮፒ ልጆችን ማጋፋት አይሆንም። በአማርኛም በሲዳምኛም ይቅረብ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ያንኑ ጅብ በሁለት ፊደል ማግኘት በራሱ ጨዋታ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው የልጆች ንባብ ድርጅት በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት የጀመረው እዚሁ ነው። መጽሐፍ በጋሪ ተጭኖ ልጆች ዘንድ ይሄድ ነበር። ኤግዚቢሽኑ መሀል ባዶ ጋሪ ብናቆምስ? ልጆቹ የወደዱትን መጽሐፍ እየመረጡ ይጫኑበት። ዝግጅቱ ሲያልቅ ጋሪው ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ሰፈሮች ይውጣ። ኤግዚቢሽኑ ወዳለበት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ድረስ የማይመጣ ልጅ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት እንዳላይ። በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆጣ ጥበቃም እንዳይኖር። መጽሐፉ ይቀደዳል፣ የታወቀ ነው። ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይደረግና ልጆቹ ራሳቸው ይጠግኑት። ለመክፈቻው ባነር ከያዛችሁት ብር ላይ ቀንሱና ስኮችና ሙጫ ግዙበት።